ከኮሎምበስ መልስ፦ ስለ ነጩ አጥንትና ስለ እኛ ስለ «የቀድሞ መሐንዲሶች»

ሰሞኑን «የት ጠፋህ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ሁሉ ተባረኩ። አልታመምኩም፤ መኪናዬም አልተበላሸችም። አራት ተማሪዎችና አንዲት አስተማሪ በኪራይ ቫን ይዤ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከርሜ መምጣቴ ነው። ለስምንት ቀን አንድ ተሳፋሪ አልጫንኩም። ኢንሹራንሱ ግን አልተኛም፤ እሱ እንደሆነ ሰንበትም በዓልም አያውቅ።

ጽሑፉ እንደ ልማዴ ይረዝማል። ቡና ያፈላችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ያላችሁ ደግሞ አንድ ዓይናችሁን ከመስመሩ እንዳትነቅሉ፤ በኋላ በእኔ እንዳታሳብቡ።

የሄድነው በየዓመቱ ግንቦት ላይ ወደሚደረገው ዓለም አቀፍ የሳይንስና የምህንድስና ውድድር ነው። በምህጻሩ «አይሴፍ» ይሉታል። በ1950 ፊላደልፊያ ላይ የአሜሪካ ልጆች ብቻ የሚገናኙበት ሆኖ ተጀመረ፤ በ1958 የሌላ አገር ልጆች ገቡበትና ዓለም አቀፍ ሆነ። ለብዙ ዓመት ስፖንሰሩ ኢንቴል ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ሪጀነሮን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ነው። በ2025 ኮሎምበስ ላይ ከ60 በላይ ከሚሆኑ አገሮች ወደ 1700 የሚጠጉ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ልጆች ተሰብስበው ነበር። ማንም ዝም ብሎ ተነስቶ አይሄድበትም። መጀመሪያ በካውንቲው፣ በስቴቱ ወይም በአገሩ የሚደረገውን ውድድር ማለፍ አለበት።

እኔን እዚያ ያስገባኝ ሳይንስ አይደለም፤ መንጃ ፈቃዴ ነው። ከእኛ አካባቢ አራት ልጆች አለፉ። አስተማሪዋ ከእሷ ጋር የሚሄድ ሁለተኛ አዋቂ ሰው፣ ያውም ረጅም መንገድ የማይፈራ፣ ፈለገች። ወላጆቹ ሁሉ ሥራ አላቸው። ከአራቱ አንዷ የእኛው ልጅ ናት። እናቷን ከቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃት፤ አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ በቀን ሁለት ሺፍት የምትሠራ ብርቱ ሴት ናት። «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ጊዜህ የራስህ ነው» አለችኝ። የታክሲ ሾፌር ጊዜው የራሱ ነው የሚለውን ነገር የፈጠረው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ ቀን ጠዋት በ10 ሰዓት ቀስቅሼ ወረፋ ላይ አስቆመው ነበር። ቢሆንም እሺ አልኩ። አሻራ ሰጠሁ፣ ወረቀት ሞላሁ፣ ተፈቀደልኝ።

እሺ ያልኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ይህች ልጅ ባለፈው መስከረም ደውላልኝ ነበር። «ጋሼ፣ እናቴ ኢትዮጵያ ውስጥ የውሃ መሐንዲስ ነበርክ አለችኝ። እውነት ነው?» አለችኝ። አንቱ ማለት አልለመደችም፤ እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣ ምን ይደረግ። በዲቪ ከገባሁ 15 ዓመቴ ነበር። ተሳፋሪዎች «በፊት ምን ትሠራ ነበር?» ይሉኛል፤ መልሱ ሳያልቅ ስልካቸውን ያያሉ። መልሱን ለማወቅ ፈልጎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ይህች የ15 ዓመት ልጅ ናት። «አዎ፣ ከአርባ ምንጭ ነው የተመረቅኩት» ስላት ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ጥያቄዋ እንዲህ ነው። በክረምቱ ከእናቷ ጋር አገር ቤት ሄዳ ምሥራቅ ሸዋ ያሉ የአጎቷን ልጆች አይታለች። «ጋሼ፣ ሲስቁ ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ለምንድነው?»

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት የሠራሁት እዚያው ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል፤ በእኛ ስምጥ ሸለቆ ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱ ገና በሚሠራበት ዕድሜ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ በብሩሽም አይለቅም። ለብዙ ዓመት የጠጣው ደግሞ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ወገቡ ይጎብጣል። ማፍላት አይረዳም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር እንዲያውም ይጠነክራል። ይህን የማያውቁ ብዙ እናቶች አሉ፤ ለልጃቸው ብለው አፍልተው ያጠጣሉ። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ጥርስ እንዳይበላ ብለው ፍሎራይድ ውሃው ላይ ይጨምራሉ፤ የሚመከረው 0.7 ሚሊ ግራም ነው። መርዝና መድኃኒት የሆነው በመጠኑ ነው። ደግሞ የእኛ ብቻ ችግር አይምሰላችሁ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያሉ ልጆች ጥርስ ልክ እንደ እኛዎቹ ቡናማ ነበር፣ ምክንያቱም ይኸው ውሃ ነበር።

ከመፍትሔዎቹ አንዱ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በማያስገባ ዕቃ ታፍኖ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቃጠል ጥቁር ከሰል ይሆናል፤ ያ ከሰል ፍሎራይድን ይይዛል። አዲስ ነገር አይደለም። በእኛም አገር ወንጂ አካባቢ ውሃውን ከፍሎራይድ ለማጥራት መሞከር ከተጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ልጅቷ ይህን አንብባ «እኔ ልሞክረው» አለች። እኔም ሳላስበው «አግዝሻለሁ» አልኩ።

አጥንት ፍለጋው ራሱን የቻለ ተረት ነው። ከሐበሻ ሥጋ ቤት ነበር የምናመጣው። ባለቤቱ መጀመሪያ ለውሻ መስሎት በነፃ ሰጠን፤ ሳይንስ መሆኑን ሲሰማ ዋጋ ሊጠይቅ ዳዳው። ኅዳር ሲጋመስ የነቢያት ጾም ገባና ገበያው ቀዘቀዘ፤ አጥንትም ጠፋ። ማቃጠያው ደግሞ የትምህርት ቤቱ የሥዕል ክፍል የሸክላ ምድጃ ነው። የሥዕል አስተማሪው ሽታውን ችሎ ቆሞ አስቃጠላት፤ ለሰውዬው ገነት ይገባዋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሦስት ሸክላ ድስት ሙሉ አጥንት አቃጠለች። ከሁለቱ የወጣው ከሰል ጥቁር ነበር፣ ውሃውንም በደንብ አጠራ። ከሦስተኛው የወጣው ግን ፍሎራይዱን እንደገባ አሳለፈው። ሜትሩን ደጋግማ ብታይ ያው ነው። እሁድ ማታ ደወለችልኝ። እኔ ምን አልኳት መሰላችሁ? «የመለኪያ ስህተት ነው፣ ሦስተኛውን ተይውና በሁለቱ ጻፊ። ግራፉም ያምራል» አልኳት።

ዝም አለች፣ ከዚያ «ጋሼ፣ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ እኮ» አለችኝ።

የእነዚህ ልጆች ደብተር እንደዚያ ነው። ቀን ይጻፍበታል፣ በእስክሪብቶ ይሞላል፣ የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፣ ገጽ አይቀደድም። ዳኞቹም ያገላብጡታል። እሷ እንግዲህ ደብተሯን ይዛ ወደ ሦስተኛው ድስት ተመለሰች። ክዳኑ ተሰንጥቆ ኖሯል። አየር ገብቶ አጥንቱ ከከሰልነት አልፎ ነጭ ሆኗል። እኔ የመለኪያ ስህተት ያልኩት ነገር እውነቱን ሲናገር ነበር፦ ነጭ አጥንት አይሠራም። ከዚያ በኋላ ሥራዋ በሙሉ ተቀየረ። ሆን ብላ ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ አጥንት እያወጣች እያንዳንዱ ስንት ፍሎራይድ እንደሚይዝ ለካች፤ ላቦራቶሪ የሌለው ገበሬ ያቃጠለውን አጥንት ከቀለሙ ለመለየት የሚረዳውን የቀለም ካርድ ሠራች። ያሳለፋትም እሱ ነው። የእኔን ምክር ሰምታ ቢሆን ኖሮ ያማረ ግራፍ ይዛ ካውንቲው ላይ ትቀር ነበር።

ይህ ምክር ከየት እንደመጣ ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ያውም መሪ ይዤ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ከፍሬድሪክ በሀይዌይ 70፣ በፔንሲልቫኒያ ተራሮች፣ በዊሊንግ አድርጎ ኦሃዮ ይገባል፤ ወደ 400 ማይል ነው። ሦስቱ ልጆች ተኝተዋል፣ አስተማሪዋም ተኝታለች። የእኛዋ ልጅ ከኋላዬ ተቀምጣ በአማርኛ «ጋሼ፣ ለምን ያንን ሥራ ተውከው?» አለችኝ። ለሁሉም የምሰጠው መልስ አለኝ፦ ዲቪ ደረሰኝ፣ ዲግሪዬን እዚህ ለማስመዘን ጊዜና ገንዘብ አጣሁ፣ ልጆች መጡ። እውነት ነው ሁሉም። የዚያን ቀን ግን መንገዱ ረጅም ነበርና ሌላውን ነገርኳት።

በ1998 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ እኔ 27 ዓመቴ ነው፣ በዝዋይና በሻሸመኔ መካከል አንዲት ቀበሌ ጉድጓድ ቆፈርን። ፓምፑ ተተከለ፣ ታንከሩ ቆመ፣ አራት ቦኖ ተሠራ። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ፍሎራይዱ ከ6 በላይ ነው። የምረቃው ቀን ተቆርጧል፣ ትልልቅ እንግዶች ተጠርተዋል። አለቃዬ «ናሙናው ይደገም» አለ። ተደገመ። የተደገመው ውሃ ግን ከጉድጓዱ አልተቀዳም፤ ከከተማ ቧንቧ ነው የተቀዳው። እንዴት አወቅክ ትሉኝ ይሆናል፤ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ውጤቱ «ደህና» ሆኖ መጣ። የርክክቡ ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሪባን ተቆረጠ፣ በግ ታረደ፣ እናቶች እልል አሉ፤ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው መረቁኝ። ያን ጊዜ የሁለትና የሦስት ዓመት የነበሩት ልጆች ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ ናቸው። ሲስቁ አፋቸውን ይሸፍኑ አይሸፍኑ ሄጄ አላየሁም።

ይህን ለባለቤቴም እንኳ በወጉ ነግሬያት አላውቅም። ልጅቷ አልፈረደችብኝም፣ አላጽናናችኝምም። ብቻ ቆየት ብላ «ያ የመጀመሪያው ወረቀት፣ 6 የሚለው፣ አሁን የት ነው ያለው?» አለችኝ። ከዚያ የቀበሌውን ስም ጠየቀችኝና ደብተሯ ላይ ጻፈችው። በእስክሪብቶ።

ኮሎምበስ ስንደርስ የመጀመሪያው ጣጣ ተጀመረ። ሰሌዳው ሲቆም ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ሕጋቸው ጥብቅ ነው፦ ሕይወት ያለው ነገር፣ ተክል፣ አፈር፣ ምግብ፣ ማንኛውም ኬሚካል፣ ውሃ ሳይቀር፣ ሰሌዳው አጠገብ አይቀመጥም። ልጅቷ ሦስት ትንንሽ ብልቃጥ አምጥታ ነበር፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭ አጥንት። አይፈቀድም ተባለች። እኔ ደሜ ፈላ። የልጅቷ ሥራ ሙሉ ለሙሉ ቀለም ነው፤ ቀለሙን ካላሳየች ምን ታሳይ? እንደ ሐበሻ ወላጅ ልከራከር ስጠጋ አስተማሪዋ ክንዴን ያዘች። ልጅቷ ግን «ፎቶ ላትም» ብላ ጨርሳዋለች።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሾፌርነቴ የጠቀመው። ማታ በ3 ሰዓት ሁላችንም ቫኑ ውስጥ ገብተን የማላውቀው ከተማ ውስጥ ማተሚያ ፍለጋ ዞርን። የመጀመሪያው ቤት ያተመው ግራጫ አጥንት ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው ጥቁሩን ቡናማ አደረገው። ሦስተኛው ላይ አንድ የሌሊት ሠራተኛ ልጅ ብልቃጦቹን ከስክሪኑ ጋር እያስተያየ ቀለሙን አስተካከለላት፤ ሊጨርስ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ሌሎቹ ሦስት ልጆች «የእኛ አይደለም» ብለው አልተኙም፤ አንዱ ወረቀቱን ያዘ፣ አንዷ ቆረጠች። ከሳምንቱ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማስታውሰው ያንን ማተሚያ ቤት ነው።

ልጆቹ በበኩላቸው የወደዱት የባጅ መለዋወጡን ነው። ሁሉም ከየአገሩ ትንንሽ ባጅ ይዞ ይመጣል፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር ይለዋወጣል። የእኛዋ ልጅ ስትመለስ አንገቷ ላይ ያለው ማንጠልጠያ የጄኔራል ደረት መስሎ ነበር።

የዳኝነቱ ቀን ረቡዕ ነው። የዚያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከዳኛ፣ ከአስተርጓሚና ከተወዳዳሪ ልጅ በቀር ማንም አይገባም። አስተማሪም፣ አባትም፣ መሐንዲስም ውጭ ነው። ነጥቡ ከመቶ ነው፦ 35ቱ ልጁ ሥራውን የሚያቀርብበት ነው፤ ከእሱም 25ቱ ከዳኛው ጋር ቆሞ የሚነጋገርበት፣ ለሰሌዳው የቀረው 10 ብቻ። በሌላ አባባል ያማረ ሰሌዳ የገዛ አባት 10 ነጥብ ነው የገዛው። ልጁ የሠራውን ካላወቀው እዚያ ቆሞ ያልባል።

እኔ ውጭ ሆኜ መቆም አቃተኝና አንድ ሐበሻ ቤት ሄድኩ። ኮሎምበስ የእኛም የሶማሌ ወንድሞቻችንም ሰው በብዛት ያለባት ከተማ ናት፤ ሽሮ አይጠፋም። አጠገቤ የተቀመጠው ሾፌር ለምን እንደመጣሁ ነገርኩት። «እኔ እኮ አገር ቤት ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ» አለኝ፤ ልክ እንደ እኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አሥራ አንድ ዓመት ኮሎምበስ ኖሯል፤ ውድድሩ ከቤቱ አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ መሆኑን አልሰማም። ሐሙስ ለሕዝብ ክፍት ሲሆን ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ አንድ ሮቦት ፊት ቆሞ፣ አባቱ ደግሞ አንዲት የሌላ አገር ልጅ ስለ ብርሃን የሠራችው ሥራ ፊት ቆሞ፣ ሁለቱም አልነቃነቅ አሉ።

ልጅቷን ዳኞቹ ምን እንደጠየቋት ስሰማ ሳቄ መጣ። አንዱ ደብተሯን ገልጦ ያቺን ሦስተኛ ድስት አገኘና «ይህን ለምን አልጣልሽውም?» አላት። «ጣይው ያለኝ ሰው ነበር» አለችው። ስሜን አልጠራችም፣ እግዚአብሔር ይስጣት።

ሽልማት? አላገኘችም። ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ስም ሲጠራ፣ መብራት ሲበራ፣ ልጆች ሲጮኹ፣ የእኛ አራቱም ቁጭ ብለው አጨበጨቡ። ትልቁን፣ 100000 ዶላሩን፣ አንድ የስሎቫኪያ ወጣት ወሰደ፤ ከበቆሎ ቆሻሻ ከሚገኝ ነገር ተነስቶ አንድ የቫይረስ መድኃኒት በርካሽ የሚሠራበትን መንገድ ያሳየ ልጅ ነው። ይገባዋል። ለእናትየው የደወልኩት እኔ ነኝ። «ስንተኛ ወጣች?» አለችኝ። «እህቴ፣ ሽልማት የለም» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እሺ፣ በልታለች?» አለች። ሁለት ሺፍት ሠርታ የምትኖር እናት መልሷ ይህ ሆነ። እኔ ብሆን እንዲህ አልመልስም ነበር።

አሁን ከእናንተ ጋር የምከራከርበት ነገር ይኸው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ውድድር የሀብታም ነው፣ አባቱ ፕሮፌሰር የሆነ ነው የሚያሸንፈው» ትሉኛላችሁ። ግማሹ ልክ ነው። ከልጅቷ ጎን የቆመው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሠራው፤ የተጠቀመበት ማሽን ከእኔ ቤት ሳይበልጥ አይቀርም። አዘጋጆቹም ያውቁታል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራ ልጅ የራሱ ድርሻ የቱ እንደሆነ አለቃው ሞልቶ የሚፈርምበት ፎርም አለ፣ ዳኛውም ይጠይቃል። ቢሆንም እኩል አይደለም፤ እኩል ነው የሚላችሁን አትመኑት። ልዩነቱ ግን ማሽኑ ብቻ አይደለም። ያ ልጅ እሁድ ማታ ሜትሩ እንቢ ሲለው የሚደውልለት ሰው አለው። የእኛ ልጆች ማንን ይደውሉ? እናት ሺፍት ላይ ናት፣ አባት መንገድ ላይ ነው።

ሰው የለንም እንዳትሉኝ። ባለፈው ሰኞ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቆሜ ቆጠርኩ። ከፊቴና ከኋላዬ ባሉት መኪኖች ውስጥ ሁለት ሲቪል መሐንዲስ፣ አንድ ፋርማሲስት፣ አንድ የእንስሳት ሐኪምና አንድ የስታቲስቲክስ ምሩቅ አሉ። የእንስሳት ሐኪሙ ስለ አጥንት ከእኔ አሥር እጥፍ ያውቃል፤ ከሁለት ዓመት በላይ አብረን ስንቆም ስለ ነዳጅና ስለ ፖለቲካ እንጂ ስለዚህ አውርተን አናውቅም። ሄማን በቀለ በ2023 በ14 ዓመቱ የሦስት ኤምን የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር ለቆዳ ካንሰር ባሰበው ሳሙና ሲያሸንፍ፣ በ2024 ደግሞ ታይም መጽሔት የዓመቱ ልጅ ሲለው ፎቶውን ሼር ያላደረገ ማን አለ? እኔም አድርጌያለሁ፣ «የእኛ ልጅ!» ብዬ። ኩራቱ ጥሩ ነው። ግን ያ ውድድር ለእያንዳንዱ የመጨረሻ ተወዳዳሪ ከኩባንያው አንድ ሳይንቲስት አማካሪ አድርጎ ይመድባል። ሼር ስናደርግ ይህችን አናነባትም።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። በየካውንቲው ያሉ ውድድሮች በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት በፈቃደኝነት የሚዳኝ ሰው ይለምናሉ። እኔ ሁልጊዜ «እዚህ የተማረ ሰው ነው የሚፈልጉት» ብዬ አልፌዋለሁ። ኮሎምበስ ሆቴል ውስጥ የትልቁን ውድድር የዳኞች መስፈርት አነበብኩ፦ የዶክትሬት ዲግሪ፣ ወይም ከመስኩ ጋር የተያያዘ ቢያንስ 6 ዓመት የሥራ ልምድ። እኔ 7 ዓመት አለኝ። ተነስቼ መብራት አብርቼ ደግሜ አነበብኩት። 15 ዓመት ሙሉ በሩን የዘጋው እነሱ ሳይሆኑ እኔ ራሴ ነበርኩ ማለት ነው፤ ባይሆንም በከፊል። በሩን ለመዝጋት ምክንያት ነበረኝ፤ ቫኑ ውስጥ ነግሬያችኋለሁ። ይህን ምክንያት ግን ለሌሎቻችሁ አልሰጣችሁም። እናንተ ውሃ ከቧንቧ አልቀዳችሁም።

ወላጆችም አትቀየሙኝ። «ልጄ ሁሉንም ኤ አመጣ» የምንለው ነገር አንድ ችግር አለው። ሁሉንም ኤ ያመጣ ልጅ የተበላሸ ነገር ይዞ ቤት መምጣት ይፈራል። የእኛ ቤት ልጅ ሦስተኛውን ድስት ይደብቃል፤ የምንጠይቀው «ስንት አመጣህ?» ነውና። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ! ያደግነው እንደዚያ ነው፣ የሠራነውም እንደዚያ ነው። አለቃዬን ለብዙ ዓመት ስረግመው ኖሬያለሁ፤ እሱም ግን ከበላዩ «ስንት ጉድጓድ አስመረቅክ?» እንጂ «ውሃው እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እኔ ለሚቀጥለው ጥር በካውንቲያችን ለዳኝነት ተመዝግቤያለሁ። የእንስሳት ሐኪሙን አስመዝግቤዋለሁ፤ ፋርማሲስቱ «አስብበታለሁ» ብሏል፣ ይኸው ስሙን ሳልጠራ አደባባይ አውጥቼዋለሁ። ሌሎቻችሁ በያላችሁበት ካውንቲ «ሳይንስ ፌር ዳኛ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ፎርሙ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደግሞ በወር ሁለት ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ እንቀመጣለን። ልጅ ያላችሁ ጥያቄያቸውን ይዘው ይምጡ፤ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ቡናው በእኔ፣ ዳቦው በእናትየው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ልጅቷ ተመልሰን ሦስት ቀን ሳይሞላ ደወለች። «ጋሼ፣ ያ ጉድጓድ አሁንም ይሠራል?» አለችኝ። አንድ የድሮ ባልደረባዬን ፈልጌ አገኘሁት። ይሠራል፣ ከአራቱ ቦኖ ሦስቱ ይቀዳሉ፣ ፓምፑ አንዴ ተቀይሯል አለኝ። ስለ ፍሎራይዱ ስጠይቀው ርዕስ ለወጠ። ስለዚህ ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ባለው መንገድ ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም በዚህ ክረምት በዚያ የምታልፉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የቀበሌውን ስም እነግራችኋለሁ። የሚያስፈልገው ሁለት ናሙና ነው። መያዣው ፕላስቲክ ይሁን፣ የብርጭቆ ጠርሙስ አይሆንም፤ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፣ እስከ አፉ ይሞላ፣ ቀኑና ሰዓቱ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፍበት። የሚቀዳው ደግሞ ከቦኖው ነው፤ ሌላ ቦታ እንዳይቀዳ።